ሰባት ከተማ በሁለት ሳምንት፦ ከዴልሂ እስከ ሲንጋፖር ያወዛገበን ጉዞ

የመክፈቻው ጽሑፍ

በኢንተርኔት መወያያ መድረካችን ላይ ጥያቄውን የጻፈው ሰው አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ ሁለት ሳምንት አግኝቷል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ዴልሂን፣ አግራን፣ ጃይፑርን፣ ባንኮክን፣ ሲየም ሪፕን፣ ኩዋላ ላምፑርንና ሲንጋፖርን ማዳረስ ይፈልጋል። ዕቅዱን ቀን በቀን አስቀምጦታል። የት እንደሚያድር፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የቱ ሕንፃ ፊት ፎቶ እንደሚነሳ ሳይቀር ጽፏል። እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚጠይቅ ሰው ደስ ይለኛል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ይቻላል ወይስ አይቻልም? ግን አንድ አቋምም ይዞ ነው የመጣው። ታዋቂ ቦታን ሁላችንም በፎቶ አስቀድመን ስለምናውቀው ደርሶ ማየቱ ይበቃል፣ ለታጅ ማሃል አንድ ሰዓት ከበቂም በላይ ነው ባይ ነው። ውይይቱን ያስረዘመው ይቺ አንድ ሐሳብ ናት።

እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትየዋለሁ፣ መሃል ላይም ገብቼ ጽፌያለሁ። ብዙ ቁም ነገር በጭቅጭቁ መሃል ተቀብሯል። ለሚቀጥለው ተጓዥ እንዲጠቅም ምላሾቹን በተራቸው በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ ምላሽ

የመጀመሪያዋ መላሽ ነርስ ናት። መልካም መንገድ ተመኝታለት በቀጥታ ወደ ወረቀቱ ገባች። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ህንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ካርድ የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን ድረስ ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል፣ ይኼ ደግሞ ከሁለት ሳምንት ፈቃድ ላይ ግማሹን ሊበላበት ምንም አይቀረው። ታይላንድም ካርዱን ትጠይቃለች። ቀድሞ የተከተበ ሰው ድጋሚ መከተብ እንደማያስፈልገው፣ ከ2016 ጀምሮ አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ እንደሚያገለግልም ጨመረችለት። ስለ ታጅ ማሃል ምንም አላለችም። በዚህ ሁሉ ጽሑፍ መሃል ግን ከእሷ ምክር የሚበልጥ የለም፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ህንድ ከገቡ በኋላ ነው።

2ኛ ምላሽ

አንድ መስመር፣ ሰላምታም የለውም። በዕቅዱ መሠረት አግራ የሚደርሰው ዓርብ ነው፤ ታጅ ማሃል ደግሞ ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው። አለቀ። ቅጥሩ ውስጥ መስጊድ አለ፣ ዓርብ የሚከፈተው ለሶላት ለሚመጡ ሰዎች ብቻ ነው።

3ኛ ምላሽ

ጠያቂው ደነገጠ። ዓርብን ወደ ሐሙስ ቢያመጣው ዴልሂ ላይ ያሰበው ሁሉ ይፋለሳል፣ ወደ ቅዳሜ ቢገፋው የባንኮኩ በረራ ያመልጠዋል። ትንሽ ተናዶም ነበር፣ ለምን እንዲህ ጫን ብላችሁ ትናገራላችሁ ዓይነት ነገር ጻፈ። በመጨረሻ ግን አመሰገነ፣ የመግቢያ ዋጋውንም ጠየቀ።

4ኛ ምላሽ

እዚህ ጋ ዴልሂ የተማረ ልጅ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ውይይቱ መልክ ያዘ። ረጅም ነው የጻፈው።

ዋጋው ለውጭ ዜጋ 1,100 ሩፒ ነው፣ መቃብሩ ያለበት ዋናው ሕንፃ ውስጥ ለመግባት 200 ሩፒ ይጨመራል። ትኬቱ የሚሠራው ለ3 ሰዓት ነው። ከዴልሂ ኒዛሙዲን ጣቢያ ማለዳ የሚነሳው ጋቲማን የሚባለው ፈጣን ባቡር አግራ በ100 ደቂቃ አካባቢ ያደርሳል፤ እሱም ዓርብ አይሄድም። ጭሱ ዕብነ በረዱን እንዳያበላሸው ተብሎ የነዳጅ መኪና እስከ በሩ አይጠጋም፣ የመጨረሻውን መንገድ በእግር ወይም በኤሌክትሪክ ጋሪ ነው የሚኬደው። ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጠዋት ጠዋት ጉም ስለሚወርድ ሕንፃው ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ በዚያ ወቅት አንድ ሰዓት ብቻ የመደበ ሰው ጉም አይቶ ይመለሳል።

ከዚያ የአንድ ሰዓቱን ሐሳብ ተቃወመ፣ ተቃውሞውም ያምር ነበር። ፎቶ ላይ ታጅ ማሃል ነጭ ነው። ቀረብ ሲሉት ግን ነጩ ግድግዳ በአበባ ተሞልቷል፤ አበባው ደግሞ ቀለም አይደለም። ዕብነ በረዱ ተቦርቡሮ በውስጡ የከበሩ ድንጋዮች እየተቆረጡ የገቡበት ነው። አንዲት አበባ ብቻዋን በደርዘን የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች አሏት። ይኼ ልጅ ጣቱን መጋጠሚያው ላይ ቢያስኬድ ምንም ስንጥቅ አልተሰማውም። አስጎብኚው ትንሽ ባትሪ አውጥቶ አንዷ ቀይ ድንጋይ ላይ ሲያበራባት እንደ ፍም ቦግ አለች። ያን ለማየት ቆም ማለት፣ ሰዉ እስኪያልፍ መጠበቅ፣ አስጎብኚውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የሁሉም ነገር መነሻ የአንዲት ሴት ሞት መሆኑን ደግሞ አስታወሰ። ሙምታዝ ማሃል የሞተችው በ1631 ነው፣ ባሏ የህንዱ ሙጋል ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን አስጀመረ፣ ጠቅላላ ግቢው እስኪያልቅ 20 ዓመት ያህል ወሰደ።

እኔም የምስማማው ከዚህ ልጅ ጋር ነው። የታወቀ ቦታ ስለታወቀ ብቻ ያየነው ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ፎቶው የነገረን ከሩቅ ምን እንደሚመስል ብቻ ነው።

5ኛ ምላሽ

ከዱባይ የምትጽፍ እህት በዚህ ላይ ጨመረች። መጀመሪያ አግራ ምሽግ ግባ ትለዋለች። ሻህ ጃሃን በ1658 በገዛ ልጁ በኦራንግዜብ ከሥልጣን ወርዶ የታሰረው እዚያ ነው፤ በ1666 እስኪሞት ድረስ ለሚስቱ ያሠራውን ሕንፃ ከሩቅ እያየ ኖረ። ከዚያ ሰገነት ላይ አይቶት የመጣ ሰው ታጅ ማሃል ሲደርስ የሚያየው ሌላ ነገር ነው ትላለች። ሰዉ የሚበዛበትን ሰዓት ለሚሸሽ ደግሞ ከያሙና ወንዝ ማዶ መህታብ ባግ የሚባል አትክልት ቦታ አለ። መግቢያው ርካሽ ነው፣ ጀንበር ስትጠልቅ ሕንፃው ከፊት ለፊት ይታያል።

6ኛና 7ኛ ምላሽ

ስድስተኛው ሰው የሰማውን ይዞ መጣ። ሻህ ጃሃን ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሕንፃ እንዳይሠሩ የሠራተኞቹን እጅ አስቆርጧል፣ ከወንዙ ማዶም ለራሱ ጥቁር ታጅ ማሃል ጀምሮ ነበር አለ። ሰባተኛው ቆጣ ብሎ አረመው። የእጅ መቁረጡን ታሪክ የሚያረጋግጥ የዘመኑ ማስረጃ የለም። መህታብ ባግ ላይ በተደረገው ቁፋሮም የጥቁር ሕንፃ መሠረት አልተገኘም፣ ጥቁር የመሰለው ድንጋይ ራሱ በዕድሜ የጠቆረ ነጭ ዕብነ በረድ ነበር። እርማቱ ልክ ነው። ብዙ አስጎብኚዎች ግን ዛሬም ይኼንኑ ይተርካሉ፣ ስለዚህ ስድስተኛውን ሰው እንዲያ መዝለፍ አያስፈልግም ነበር።

8ኛ ምላሽ

ይቺን ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። አንዲት ልጅ እናቷን ለሕክምና ዴልሂ ይዛ ሄዳ ነበር። ከእኛ አገር ህንድ የሚሄደው ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ሻንጣው ውስጥ የላብራቶሪ ውጤትና ኤምአርአይ ይዞ። በሁለት ቀጠሮ መሃል ባዶ ቀን ሲያገኙ አግራ ለእናትየው ሩቅ ሆነባቸው። በባጃጅ ወደ ሙጋሉ ንጉሥ ሁማዩን መቃብር ሄዱ፣ እዚያው ዴልሂ ውስጥ። በ1570 ገደማ በባለቤቱ ትእዛዝ የተሠራ ነው፣ ታጅ ማሃልን በ60 ዓመት ይቀድመዋል፣ ቅርፁን ያየ ሰውም ታጅ ማሃል ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃው ሥር ጫማቸውን ሊያወልቁ አጎነበሱ። ልጅቱ እዚህ አያስፈልግም እማ ብትላቸውም እሳቸው ግን ሰው የተቀበረበት ቦታ መሆኑን ሰምተዋልና አሻፈረኝ አሉ። ሳሪ የለበሱ ሴቶች መጥተው ነጠላውን በእጃቸው እየዳሰሱ ጥለቱን አደነቁ፣ አብረውም ፎቶ ተነሱ። ልጅቱ ለጠያቂው ያለችው፣ ዴልሂን መሸጋገሪያ ብቻ እንዳያደርጋት ነው።

ከዚህ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ለስለስ አለ። ስለ እናትየው ጤና የጠየቁ ነበሩ፣ ደኅና መሆናቸውንም ነገረቻቸው። እነዚያን ምላሾች አልቆጠርኳቸውም።

9ኛ ምላሽ

ሰላሙ አልቆየም። አንድ ሰው ህንድ ውስጥ ጥቁር ሰው ምን እንደሚደርስበት እያወቃችሁ ለምን ስለ አበባና ስለ ዕብነ በረድ ታወራላችሁ ብሎ ገባ። በ2017 ከዴልሂ አጠገብ ግሬተር ኖይዳ ውስጥ በአፍሪካውያን ተማሪዎች ላይ የደረሰውን ድብደባ አነሳ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ የ8ኛዋንም ልጅ ሳያስፈልግ ነካካት።

10ኛ ምላሽ

ዴልሂ የተማረው ልጅ ተመልሶ መጣ። የተባለውን አልካደም። ቤት ሲከራይ ፊቱ ላይ በር የዘጉበት አከራዮች ነበሩ፣ መንገድ ላይ የተጠራበትን ስምም አይረሳውም። በዚያው ከተማ ደግሞ ታሞ ሲተኛ ምግብ እየሠራች ያስታመመችው የጎረቤት እናት አለች። ለጥቂት ቀን የሚመጣ ጎብኚ በብዛት የሚያጋጥመው መፍጠጥና ፎቶ አብረን እንነሳ የሚል ጥያቄ ነው። ፎቶውን ካልፈለግህ እምቢ ማለት ትችላለህ አለው። ጉዳዩን ከርዕስ ውጪ ነው ብለው ሊያስወጡት የሞከሩ ነበሩ፣ እኔ አልስማማም። ተጓዥ ስለ ትኬት ዋጋ እንደሚነገረው ሁሉ ስለዚህም ሊነገረው ይገባል።

11ኛ ምላሽ

ባንኮክ እየተመላለሰ ልብስ የሚያመጣ የመርካቶ ነጋዴ ነው የመለሰው። አጠር አጠር አድርጎ፣ በንግድ ሰው ቋንቋ። ታላቁ ቤተ መንግሥት መግቢያው 500 ባት ነው። ቁምጣና እጅጌ አልባ ልብስ አያስገባም። በሩ አካባቢ አንድ ትሁት ሰው ቀርቦ ዛሬ በዓል ስለሆነ ዝግ ነው፣ በርካሽ ሌላ ቦታ ላዙርህ ካለህ ዝም ብለህ እለፈው፣ ደላላ ነው፣ የሚወስድህ ወደ ጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ቤተ መንግሥቱ ክፍት መሆኑን በሩ ድረስ ሄደህ ራስህ እይ። ከአጠገቡ ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ 46 ሜትር የሚረዝም የተጋደመ ቡድሃ አለ። የእግሩ መዳፍ ላይ በዕንቁ ቅርፊት የተሠሩ 108 ምልክቶች አሉ፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ፎቶ አንስቶ ይወጣል፣ አንተ ግን እስከ እግሩ ሂድ አለው። ይኼ ነጋዴ ሥራ ይዞ ለሚሄድበት ከተማ እንዲህ ዓይነት አስተዋይ ዓይን ያለው መሆኑ አስገርሞኛል።

12ኛ ምላሽ

ሲየም ሪፕ አጠገብ ስላለው የካምቦዲያ ቤተ መቅደስ ስለ አንኮር ዋት የጻፈችው ከጀርመን ነው። ዕቅዱ ለሲየም ሪፕ አንድ ቀን ብቻ መስጠቱ አበሳጭቷታል። የአንድ ቀን መግቢያ 37 ዶላር ነው፣ የሦስት ቀኑ 62። የሦስት ቀኑን በ10 ቀን ውስጥ በፈለጉት ቀን መጠቀም ይቻላል። አንኮር አንድ ሕንፃ አይደለም፣ 400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ቦታ ላይ የተበተነ የቤተ መቅደሶች አገር ነው። ዋናውን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ንጉሥ ሱርያቫርማን ሁለተኛ ነው፣ ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ፤ በኋላ ግን የቡድሃ ሆነ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ማለዳ ፀሐይ ከማማዎቹ ጀርባ ትወጣለች። ሰዉ ያንን ካየ በኋላ ቁርስ ሊበላ ሲሮጥ እሷ ወደ ውስጥ ገብታ የግድግዳውን ቅርፅ በጸጥታ ያየችው ያኔ ነው። አማልክትና አጋንንት ትልቁን እባብ ይዘው ባሕሩን ሲንጡ የሚታዩበትን ግድግዳ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በእግሯ ሄዳበታለች። ከዚያ ባዮን አለ፣ ድንጋዩ ሁሉ ፊት የሆነበት። ታ ፕሮም አለ፣ ዛፉ ግድግዳውን አቅፎ ያደገበት። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ሰው ይደክማል። በአንድ ቀን አንኮርን አየሁ የሚል ሰው ትኬቱን ነው ያየው ብላ ደመደመች። ከበድ ያለ ቃል ነው፣ ግን ትክክል ነች።

13ኛ ምላሽ

ይኼ የኔ ነው። ኩዋላ ላምፑርንና ሲንጋፖርን ቁረጣቸው አልኩት። ከተሞቹ ያስጠላሉ ብዬ አይደለም። የኩዋላ ላምፑር ፔትሮናስ መንትያ ሕንፃዎች 452 ሜትር ናቸው፣ ማታ ሲበሩ ያምራሉ፣ ሲንጋፖርም ንጽሕናዋ ብቻ ያስደንቃል። ችግሩ አውሮፕላኑ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ የምትበርበት ቀን የጉብኝት ቀን አይደለም፤ ማሸግ አለ፣ ታክሲ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ፍተሻ አለ። በ2023 የተከፈተው የሲየም ሪፕ አዲሱ ኤርፖርት ራሱ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ይርቃል። ሰባት ከተማ ያለው ሰው ከፈቃዱ ላይ ግማሹን የሚያሳልፈው ወንበር ላይ ነው። ህንድንና አንኮርን ይዘህ ሌላውን ለሌላ ጊዜ ተወው ብዬ ጨረስኩ።

14ኛ ምላሽ

ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ጻፉ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፣ እዚህ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔን ጨምሮ ማናችንም ያላነሳነውን ነገር ይዘው መጡ። ኢትዮጵያዊ ህንድ ድረስ ሄዶ የማሊክ አምባርን ከተማ ሳያይ ይመለሳል ወይ ብለው ጠየቁ።

ታሪኩን እንዲህ ዘረዘሩት። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው። የልጅነት ስሙ ቻፑ ይባል ነበር። ባሪያ ሆኖ ተሸጠ፣ በየመን ሞካና በባግዳድ አልፎ ህንድ ደካን ደረሰ። እዚያ የገዛው የአህመድናጋር ሱልጣኔት ትልቅ ባለሥልጣን ቼንጊዝ ኻን ሲሆን፣ እሱም ራሱ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣ። ወታደር አሰባሰበ፣ ቀስ በቀስ ኃይሉ ገነነ፣ በመጨረሻም በሱልጣኑ ስም አገሩን የሚያስተዳድር እንደራሴ ሆነ። የሙጋሎችን ግዙፍ ጦር በሽምቅ ውጊያ ለዓመታት አላስጠጋም አለ። የሻህ ጃሃን አባት ጃሃንጊር በጣም ከመናደዱ የተነሳ የማሊክ አምባርን ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ይኼ ሥዕል ዛሬም አለ። ያ ግን ምኞት ነበር፤ ጃሃንጊር ማሊክ አምባርን በሕይወቱ አልያዘውም። አምባር በ1626 በእርጅና ሞተ።

በ1610 ኻድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ። ውኃ በሌለበት ምድር ከመሬት በታች ቦይ አስቆፍሮ ውኃ አስገባላት። ኦራንግዜብ በኋላ በራሱ ስም ኦራንጋባድ አላት፣ በ2023 ደግሞ ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሎ ተቀየረ። ጋሼ እንዳሉት ታጅ ማሃልን ያሠራው ሰው አባት በሥዕል ብቻ በቀስት የወጋውን ሰው መቃብር፣ ታጅ ማሃልን ያየ ኢትዮጵያዊ ሊያየው ይገባል።

ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኤሎራ አለ፤ 34 ዋሻዎች። 16ኛው ካይላሳ ይባላል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን በራሽትራኩታ ነገሥታት ዘመን ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ነው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው እዚያ ሲቆም ጉልበቱ ይከዳዋል ብለው ጻፉ።

15ኛና 16ኛ ምላሽ

ወዲያው አንዱ ተነስቶ እንግዲያውስ ኤሎራን የሠሩት የላሊበላ ሰዎች ናቸው አለ። ሌላው ተገልብጦ ላሊበላን የሠሩት ህንዶች ናቸው አለ። ክርክሩ ስድብ ደረሰ፣ ሁለቱንም እዚህ አልደግመውም።

17ኛ ምላሽ

ጋሼ ተመልሰው ሁለቱንም አረሙ፣ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ አባት ተቆጥተው። ካይላሳ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ላሊበላ በተለምዶ የ12ኛውና የ13ኛው መባቻ ነው የሚባለው። አንዱ ከሌላው ተቀዳ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ሁለት ሕዝብ አለት ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ ሊያስብ ይችላል፣ የሁለቱንም ድካም ለአንዱ መስጠት ሁለቱንም መናቅ ነው አሏቸው። ማንም አልመለሰላቸውም።

18ኛ ምላሽ

ከዚያ የባሰው መጣ፤ ማሊክ አምባር የየት ብሔር ነው? ሐረር የሚል አለ፣ ከምባታ የሚል አለ፣ ሌላም ሌላም። ታሪክ ጸሐፊዎችም ስለ ትውልድ ቦታው አንድ ቃል የላቸውም፣ ምላሽ የሚሰጡት ሰዎች ግን ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። አስተባባሪው ብዙ መልእክት አጠፋ፣ ሁለት ሰውም አገደ። ልጁ ከማን ቤት ተወስዶ ባሕር ማዶ እንደተሸጠ ከማዘን ይልቅ የኛ ነው እያሉ መጎተት ለኔ ልብ የሚሰብር ነገር ነው። ይኼን ለመጻፍ ስል ነው ይቺን ቁጥር ያልዘለልኳት።

19ኛ ምላሽ

ህንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ የሚማር ልጅ ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ከዴልሂም ከሙምባይም ወደ ኦራንጋባድ በረራ አለ። ትኬት ሲፈለግ አሮጌውንም አዲሱንም ስም መሞከር ይሻላል። ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው፣ የጥንት የቡድሃ ሥዕሎች ያሉበት አጃንታ ደግሞ ሰኞ ዝግ ነው፤ ስለዚህ የዓርቡን ስህተት እዚህ እንዳትደግም አለው። ከተማዋ ውስጥ ቢቢ ካ መቅባራ የሚባል፣ ለኦራንግዜብ ሚስት የተሠራ፣ ታጅ ማሃልን የሚመስል መቃብርም አለ።

ጊዜ ለተረፈው ደግሞ ጃንጂራን ጠቀሰ። ከሙምባይ በስተ ደቡብ ሙሩድ አጠገብ ባሕር መሃል ያለ ምሽግ ነው። ሲዲ የሚባሉት ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ገዢዎች እስከ 1948 የያዙት፣ ማራታ የሚባሉት የምዕራብ ህንድ ኃያላን ደጋግመው ሞክረው ያልሰበሩት ነው። ከራጃፑሪ በሸራ ጀልባ ይኬዳል፣ በዝናቡ ወራት ግን ይዘጋል። እሱ የሄደ ቀን ጀልባዋ ምሽጉ ሥር እስክትደርስ ድረስ በሩ የት እንዳለ አልታየውም ነበር፣ ግንቡ ላይ የተደፋ ጥላ ነው የመሰለው። በሩን እንዲህ የሠሩት ሆን ብለው ነው።

20ኛ ምላሽ

ከዱባይ የጻፈችው እህት ደግማ መጣች፣ የህንዷን ከተማ አህመዳባድን ይዛ። በ1573 ገደማ ሲዲ ሰኢድ የተባለ ሐበሻ ያሠራው መስጊድ አለ። መስኮቱ ላይ ዛፍ ከነቅርንጫፉ በድንጋይ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል። የመስኮቱ ሥዕል የከተማዋ መለያ ሆኗል፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ግን ስሙን እንኳ አልሰማም።

21ኛና 22ኛ ምላሽ

ከእስራኤል የጻፈ አንድ ወንድም እስያ ስትሉ ለምን ኢየሩሳሌምን ትረሳላችሁ አለ። በትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ዴር ሱልጣን የሚኖሩትን መነኮሳት፣ ዝቅ ያሉትን የጭቃ ቤቶች አስታወሰ። እውነቱን ነው፣ ኢየሩሳሌምም እስያ ናት። ቀጣዩ ሰው ግን ልጁ ወደ ህንድ ነው የሚሄደው፣ ለዚያ የራሱን ርዕስ ክፈት ብሎ በደረቁ መለሰለት። ከፈተም፣ ያኛውም ጥሩ ውይይት ሆኗል።

23ኛ ምላሽ

ጠያቂው አዲስ ዕቅድ ይዞ ተመለሰ። ኩዋላ ላምፑርና ሲንጋፖር ወጥተዋል። ጃይፑርም ወጥታለች። ዴልሂ፣ ከዚያ አግራ በሐሙስ፣ ምሽቱን እዚያው አድሮ። ከዚያ ኦራንጋባድ፣ ለኤሎራና ለመቃብሩ። ከዚያ በባንኮክ በኩል አንኮር፣ የሦስት ቀኑን ትኬት ገዝቶ። ክትባቱንም ተከትቧል፣ ነርሷን በስም ጠርቶ አመስግኗል።

24ኛ ምላሽ

ሁሉም ሰው አልተደሰተም። ጃይፑርን የሚወድ አንድ ሰው አጥብቆ ተሟገተ። ሃዋ ማሃልን፣ በ1799 የተሠራውን፣ 953 መስኮቶች ያሉትን ሕንፃ ሳያዩ ራጃስታን አጠገብ ደርሶ መመለስ ነውር ነው አለ። ከአግራ በመኪና ይደረሳል፣ ለማሊክ አምባር ሲባል ጃይፑር አትጣል ባይ ነው። ክርክሩ ፍትሐዊ ነው። እኔ ግን በጠያቂው ምርጫ እጸናለሁ። ጃይፑርን የትኛውም አስጎብኚ ድርጅት ይወስደዋል፣ ያንን መቃብር ግን ራሱ ካልፈለገው ማንም አያሳየውም።

25ኛ ምላሽ

ጠያቂው መቃብሩ ትክክል የት እንደሆነ ጠየቀ። የፑኔው ልጅ መለሰለት። ኤሎራን ካየህ በኋላ መኪናህን አትልቀቅ፣ ሽቅብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ኩልዳባድ ውጣ። ኦራንግዜብም የተቀበረው እዚያው ከተማ ነው፣ ሾፌሩ ወዲያ ሊወስድህ ይሞክራል። አንተ ዛር ዛሪ ዛር ባክሽ የሚባለውን ደርጋ፣ ማለትም የሙስሊም ቅዱስ ሰው መቃብር፣ ጠይቅ፣ የማሊክ አምባር መቃብር ከእሱ አቅራቢያ ነው። ጉልላት ያለው የድንጋይ ቤት ነው። ልብስህ ጉልበትህን ይሸፍን፣ ውኃ ያዝ፣ ከሾፌሩ ጋር የመመለሻውን ዋጋ ከመነሳትህ በፊት ተስማማ።